እማማ ውዴ ያሉትን አልተረጎምሁም

ይህን ነገር እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም፤ ጽፌውማ ፈጽሞ አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኋትም። ለእናቴም አልነገርኋትም። ለነፍስ አባቴ ጫፉን ብቻ አሳየኋቸው። አንድ የጾም መያዣ ላይ «አባ፣ ዋሽቻለሁ» አልኋቸው። ምን ብዬ እንደዋሸሁ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልቀጠልሁም። ስግደት ሰጥተው አሰናበቱኝ። ሰገድሁ። ጉልበቴ ደከመ እንጂ ልቤ አልተነካም። ዛሬ ግን ሳልሸራርፍ ልናገረው ነው። እናንተ የማላውቃችሁና የማታውቁኝ፣ እስኪ እንደ ነፍስ አባት ቁጭ በሉና ስሙኝ። አታቋርጡኝ፤ አትዘኑልኝ። ሸክሙ ከወረደልኝ ጥቂት ጊዜው ነው፤ ትከሻዬ ቅለቱን ገና አልለመደውም።

ሀብታሙ እባላለሁ። አሁን ፍኖተ ሰላም እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ያን ጊዜ ግን የምኖረው ቡሬ ነበር፤ ሥራዬም እንግዳ መምራት። ከውጭ አገር አምስትም ስድስትም እየሆኑ ይመጣሉ፤ ከዚያ አይበልጡም። የሚመጡት መኪና የማይደርስበትን፣ ሰው ያልበዛበትን አገር በእግራቸው ሊያዩ ነው። ከቡሬ ተነስተን፣ የበቆሎውንና የዳጉሳውን ማሳ አልፈን፣ ወደ ዓባይ በረሃ እንወርዳለን። አፋፉ ላይ ከደረሱ በኋላ ከታች የሚታየው ሌላ ዓለም ነው፤ ግራርና ሽመል ብቻ፣ ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ የሚዘልበት፣ ሙቀቱ እንደ ምድጃ የሚፈጅ። ዕቃቸውን በቅሎ ይሸከማል። ድንኳን እየተከልን እያደርን፣ ወንዙ ደርሰን፣ በሌላ ዳገት እንመለሳለን። ሥራውን እወደው ነበር። ያኔ እንደኔ ደስተኛ ሰው የነበረ አይመስለኝም።

የመሪ ሥራ የእግር ሥራ ይመስላል። አይደለም፤ የምላስ ሥራ ነው። እንግዳው አገሩን የሚያየው በገዛ ዓይኑ ቢሆንም ሰውን የሚሰማው በኔ አፍ ነው። ባለአገሩም ቢሆን እንግዳውን የሚያውቀው በኔ አፍ ነው። በሁለቱ መካከል ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ምን ብል ማን ያውቅብኛል?

መጀመሪያ ላይ፣ ከዋናው መሪ ኋላ በረዳትነት ስሄድ፣ ሁሉንም እተረጉም ነበር። በየመንደሩ ሰው መድኃኒት ይጠይቃል። አንዱ ለዓይኑ፣ አንዷ ለራስ ምታቷ፣ አንዱ ለከብቱ። እኔ ስተረጉም እንግዶቹ ቆመው ቦርሳቸውን ይፈታሉ፤ ፀሐይ ይከራል፤ ግማሾቹ ሲረዱ ግማሾቹ ይሰለቻሉ። ቀስ በቀስ ማሳጠር ጀመርሁ። አንድ ሽማግሌ ስለ ዓይናቸው ብዙ ነገር ሲነግሩኝ፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ ነው የሚሉት» ብዬ አለፍሁ። እንግዶቹ ደስ አላቸው። ሽማግሌውም መንገዱን ለቀቁልን። ማንም አላወቀብኝም። ያ ቀን ነው እኔን ያበላሸኝ። ትንሿን ቃል የዋጠ ትልቁን ለመዋጥ ጉሮሮው ይሰፋል።

ወደ ነገሬ ልግባ። ወሩ ጥቅምት ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ በረዳትነት ሳይሆን ለብቻዬ የመራሁት ጉዞ ነው። ባለበቅሎው አያ ደሴ ይባላል፤ በዕድሜ ታላቄ ነው፤ ቆላውን እንደ ጓሮው ያውቀዋል። ሁለት በቅሎዎች ዕቃ ጭነዋል። ሦስተኛዋ ኮርቻ ብቻ አድርጋ ባዶዋን ትከተለናለች፤ ከእንግዶቹ አንዱ ቢደክም ወይም ቢታመም ሊቀመጥባት። ከእንግዶቹ መካከል ማርታ የምትባል ሴት ነበረች። ፀጉሯ የሸበተ፣ በአገሯ ዕድሜዋን ሙሉ አዋላጅ ነርስ የነበረች ናት። ስሟ የኛ ስም ስለሆነ አያ ደሴ ይወዳት ነበር። በዋዜማው አንድ መንደር ላይ እጇ የተቃጠለ ሴት አይታ አጥባ ጠቅልላላታለች። ወሬው ከኛ ቀድሞ ቁልቁል ወርዶ ኖሯል።

በማግሥቱ ማለዳ አፋፉ ላይ ካለችው የመጨረሻዋ መንደር ደረስን። ጥቂት ቤቶች ናቸው። ከአንደኛው ቤት አንዲት እናት ነጠላቸውን አደግድገው ወጡና ፊቴ ቆሙ። እማማ ውዴ እንደሚባሉ ያወቅሁት ኋላ ነው። እንዲህ አሉኝ፦

«አንተ ቋንቋ የምታውቀው ልጄ። ልጄን ከትናንት ማለዳ ጀምሮ ምጥ ይዟታል። ባሏ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዷል። ወንዱ ሁሉ ማዶ ቀብር ሄዶ የሚሸከምልኝ አጣሁ። ያች ሐኪም ናት የሚሏት ገብታ ትይልኝ። በቅሎዋንም አውሱኝና ጤና ጣቢያ ላድርሳት። በእመቤቴ ይዤሃለሁ።»

ልብ በሉ፤ ምንም ግልጽ ያልሆነ ነገር አልነበረም። አንድም ቃል አላመለጠኝም። አያ ደሴ እኔ አፌን ሳልከፍት ባዶዋን በቅሎ ስቦ አቀረባትና እርካቧን ማሳጠር ጀመረ። «እኔ ከሳቸው ጋር ልመለስ፤ እናንተ በሁለቱ ውረዱ። ወንዙ ላይ እደርስባችኋለሁ» አለኝ።

ማርታ ወደኔ ዞረች። «ምን አሉ?» አለችኝ።

ምን አሉ? ይህች ጥያቄ ስንት ዓመት ጆሮዬ ላይ ጮኸች። መልሱ በእጄ ነበር። ማርታ ብትሰማ ቦርሳዋን ጥላ እየሮጠች እንደምትገባ አውቅ ነበር። አለማወቅ አልነበረም፤ ስለማውቅ ነው። ትገባለች፤ ጉዞው ይቆማል፤ ቀኑ ይሄዳል፤ ወንዙ ይቀራል፤ እንግዶቹ ያኮርፋሉ፤ የመጀመሪያ ጉዞዬ ተበላሸ ይባላል። ይህን ሁሉ አንዴ ዓይኔን እስክጨፍን አሰብሁ። የገጠር ሴት ናት፣ ትወልዳለች አልሁ በልቤ።

«መልካም መንገድ ይሁንላችሁ ብለው እየመረቁን ነው» አልኋት።

ማርታ ፈገግ አለች። እኔው እንዳስተማርኋት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለችና፣ በተሰባበረ አማርኛ «እግዜር ይስጥልኝ» አለቻቸው። ሌሎቹም እጃቸውን እያወዛወዙ ሳቁላቸው። እማማ ውዴ የሚሥቁትን ፊቶች አንድ በአንድ አዩና ወደኔ ተመለሱ።

«አይሆንም አሉ፣ እማማ። ጊዜ የለንም አሉ» አልኋቸው።

እነሆ ኃጢአቴ ይህ ነው። አንዱን ውሸት ወደዚያ፣ ሌላውን ውሸት ወደዚህ። ለእንግዶቹ ያልተመረቁትን ምርቃት ሰጠኋቸው፤ ለእማማ ውዴ ያልተባለ እምቢታ ሰጠኋቸው። እኔ ነኝ ያደረግሁት። ማንም አላዘዘኝም።

እማማ ውዴ አልለመኑኝም። «ይሁን። እግዜር ያያል» አሉና ተመልሰው ገቡ። አያ ደሴ የበቅሎዋን እርካብ እንደያዘ ቀረ። «በእውነት አይሆንም አሉ?» አለኝ። «አሉ» አልሁት። እሱ እንግሊዝኛ አያውቅም፤ ከኔ በቀር የሚጠይቀው ሰው አልነበረውም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እንግዶቹን አላያቸውም። ወንዙ ዳር ስናርፍ ማርታ ሻይ ቀድታ ስትሰጠው አልቀበልም አለ። እሷም «ደሴ ተቀየመን መሰለኝ፤ ምን አጠፋን?» አለችኝ። «ደክሞት ነው» አልኋት። ሌላ ውሸት። እግራቸውን ውኃ ውስጥ ነክረው ሲሣሣቁ እኔ ከኋላቸው ቆሜ ወደወረድንበት አፋፍ አሻቅቤ ነበር የማየው። ያኔስ ቢሆን መናገር አልችልም ነበር? ሰው ልኮ ማስመለስ አይቻልም ነበር? ይቻል ነበር። አላደረግሁትም።

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይላል ያገራችን ሰው። ቃልን ከልጅ አስበልጦ ማለቱ ነው። እኔ የተናገሩትን አጠፋሁ፤ የወለዱትም የጠፋ መሰለኝ። ሞታለች ብዬ ደመደምሁ። ማንንም አልጠየቅሁም። ብጠይቅ መልሱ ይመጣልና። ያንን መንገድ ለአሠሪዎቼ «ናዳ ዘግቶታል» አልኋቸውና ከዚያ ወዲህ እንግዳ የማወርደው በሌላ በኩል ሆነ። ቡሬ ገበያ ውስጥ አያ ደሴን ከሩቅ ካየሁት በሌላ መንገድ እጠፋለሁ። ኋላ የአገሩ ሰላም ሲታወክ እንግዳም ቀረ፤ ሥራውም ቆመ። ሰው ሁሉ ሲያዝንልኝ እኔ በስውር እፎይ አልሁ፤ ያን አፋፍ ደግሜ የማላይ መስሎኝ። ፍኖተ ሰላም መጥቼ አስተማሪ ሆንሁ፤ አገባሁ።

ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ ምጥ ያዛት። ምጡ ጠና። ሆስፒታል አስገብተናት ሳለ አዋላጇ ወደኔ ወጣችና «ምጡ ከመቼ ጀመረ?» አለችኝ።

«ከትናንት ማለዳ ጀምሮ ምጥ ይዟታል» አልኋት።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ደነገጥሁ። የኔ ቃል አልነበረም፤ የእማማ ውዴ ነው። ያን ቀን የዋጥሁት ቃል፣ አንድም ሳይጎድል፣ በኔው ሚስት ላይ ከአፌ ወጣ። አዋላጇ ሰማችኝና እየሮጠች ተመለሰች። ሰማችኝ። አያችሁ? የሚፈለገው ይህ ብቻ ነበር፤ አንድ ሰው እንዲሰማ።

ሴት ልጅ ተወለደችልኝ። እናትና ልጅ ደህና ሆኑ። አማቴ በደስታ ያለቀስሁ መስሏቸው «አይዞህ፣ የአባት ወጉ ነው» አሉኝ። እኔ ግን ልጄ ክርስትና ሳትነሣ ያን አፋፍ ካላየሁት አልታቀፋትም ብዬ በልቤ ተሳልሁ።

መንገድ ሰላም ነው የተባለ ዕለት በማለዳ ቡሬ ገባሁ። አያ ደሴን ከእህል በረንዳ አጠገብ በቅሎውን እያራገፈ አገኘሁት። አርጅቷል። እንዴት አደርህ ተባባልን። ከዚያ «ያች ያን ቀን ምጥ የያዛት ልጅ አለች?» አልሁት።

«ዛሬ ነው የምትጠይቀኝ?» አለኝ።

«ዛሬ ነው።»

«እንግዲያው ሂድና እይ። እኔ አልነግርህም» አለኝና ጆንያውን አነሣ።

ቁልቁል ሄድሁ። ስንት ጊዜ ለመመለስ ቆምሁ! ሞታለች ቢሉኝ ምን እላለሁ? ከናቷስ ፊት በምን ዓይኔ እቆማለሁ? ስደርስ ደጁ ላይ በርበሬ ተሰጥቶ መሬቱ ቀልቷል። አንዲት ሴት ቁጢጥ ብላ በርበሬ ትለቅማለች፤ ከጎኗ ትምህርት ቤት የገባች የምትመስል ልጅ አብራ ትለቅማለች። እማማ ውዴ በሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል። ለሰላምታዬ መልስ ሳይሰጡኝ ድምፄን አዳመጡና «አንተ የፈረንጆቹ ልጅ አይደለህ?» አሉኝ።

«ነኝ፣ እማማ።»

«ይታይሽ፣ ያ ልጅ መጣ» አሉ።

በርበሬ የምትለቅመው ሴት ቀና አለች። ይታይሽ ማለት እሷ ነበረች። በሕይወት አለች። ጎኗ ያለችው ደግሞ ያን ቀን በሆዷ የነበረችው ልጅ ናት። መሬት ላይ ቁጭ አልሁ። እንዲያ ያለ እፎይታ በዕድሜዬ አላውቅም። ውኃ ከላዬ የፈሰሰብኝ ያህል ነበር። እያለቀስሁ ሳቅሁ። እነሱ ግን ምን እንደነካኝ አላወቁም፤ እንግዳ ነው ብለው ውኃ ሰጡኝ።

እማማ ውዴ የሆነውን ሲነግሩኝ አልተቆጡም። ወንዶቹ ይመለሳሉ ብለው እስከ ቀትር ጠበቁ። አልመጡም። ከዚያ የመንደሩ ሴቶች እንጨት አጋድመው በጠፍር አስረው ቃሬዛ ሠሩ። «ሴት ቃሬዛ ስትሸከም ታይቶ አይታወቅም ነበር። እኛ ተሸከምን» አሉኝ። ዳገቱን እየወደቁ እየተነሡ አወጧት። ጤና ጣቢያ ሲደርሱ መሽቷል፤ ከዚያ በመኪና ወደ ሆስፒታል ተወሰደች። ሆዷ ተቀዶ ልጅቱ ወጣች። የይታይሽ ማኅፀን ግን ተጎድቶ ስለነበር አብሮ ወጣ። «ማለዳ ብትመጣ ይተርፍላት ነበር አሉን» አሉኝ እማማ ውዴ።

ውኃውን አስቀመጥሁ። እንግዲህ መናገር ነበረብኝ። ተናገርሁ። «እንግዶቹ አይሆንም አላሉም፣ እማማ። አልነገርኋቸውም። እየመረቁን ነው ብዬ ነው የነገርኋቸው። የሣቁልዎት ለዚያ ነው። እምቢ ያልሁ እኔ ነኝ።»

እማማ ውዴ ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድቡኝ ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑና «ውይ፣ ያችን ሴት» አሉ። «ልጄ እያጣጣረች ሣቀችብኝ ብዬ ስንት ዓመት ረገምኋት። በየኪዳነ ምሕረቱ ስሟን ባላውቀው ያች ሽበታም ብዬ ረገምኋት። እንግዲህ ያን እርግማን ማን ያንሣልኝ?»

አያችሁ ያደረግሁትን? በማኅፀኗ አላበቃም። አንዲትን ንጹሕ እናት ያልበደለቻቸውን ሴት እያስረገምሁ በደለኛ አድርጌያቸው ኖሬያለሁ።

ይታይሽ በርበሬውን ከጭኗ አራገፈችና «እኔ ውስጥ ነበርሁ፣ አላየሁም። በቅሎዋ ባዶዋን ነበር የቆመችው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኋት።

ተመልሳ መልቀም ጀመረች።

እማማ ውዴ ለማርታ ይቅርታ እንድልክላቸው ለመኑኝ። ድምፃቸውን በስልኬ ቀዳሁ። ፍኖተ ሰላም ተመልሼ፣ መስመር ሲገኝ፣ ያኔ በሰጠችኝ አድራሻ፣ እያንዳንዱን ቃል እየተረጎምሁ ለማርታ ላክሁላት፤ ያደረግሁትንም ሳልደብቅ ጻፍሁ። መልሷ ብዙ ቀን ቆየ። ሲመጣም በድምፅ ነበር። ማርታ እንዲህ አለች፦ «እኒያን እናት አስታውሳቸዋለሁ። አንዲት የማያውቁኝ እናት በመንገዴ ላይ መርቀውኝ ነበር እያልሁ ለስንት ሰው ነገርሁ። ንገራቸው፤ እመጣ ነበር። ሌላ ሳትጨምር ይህንኑ ንገራቸው፤ እመጣ ነበር።» መጨረሻ ላይ ደግሞ «ለአንተ የምለውን ገና አላገኘሁትም» አለች።

መልሱን ይዤ እንደገና ወረድሁ። ለእማማ ውዴ የማርታን ድምፅ አሰማኋቸው፤ ቃል በቃል ተረጎምሁ። «እመጣ ነበር» ስል ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ ምርቃቱ ስነግራቸው ግን ከተቀመጡበት ተነሡ። እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ማርታን መረቋት፤ በልጆቿ፣ በዕድሜዋ፣ በመንገዷ። «ምርቃቱ ውሸት ሆኖ እንዳይቀር። አሁን እውነት ነው በላት» አሉኝ። ከዚያ ወደኔ ዞረው «አንተንም ይፍታህ» አሉኝ። በእውነት ከልባቸው እንደሆነ ድምፃቸው ይናገራል። ባለቤቴ መውለዷን ነግሬያቸው ነበርና፣ ለአራሷ ብለው በርበሬ ቋጥረው ሰጡኝ።

ይታይሽ እስከ አፋፉ ሸኘችኝ። ስንለያይ ቆመችና «እናቴ ቀልሏታል። ሌሊት ትቃዥ ነበር፤ አሁን ትተኛለች። ለሷ ስል ደስ ብሎኛል» አለችኝ። ለመመለስ ዞር አለችና «እኔጋ ግን ከእንግዲህ አትምጣ» አለችኝ።

«እሺ» አልኋት። አልሄድሁም።

ልጄ ክርስትና ተነሣች። ታቀፍኋት። ለነፍስ አባቴም ጫፉን ሳይሆን ሙሉውን ተናዘዝሁ፤ በዚህኛው ጊዜ ጠየቁኝ፣ እኔም መለስሁ። ሳወራ የሰው ዓይን ማየት እችላለሁ። አያ ደሴን ገበያ ውስጥ ሳገኘው አልጠፋም፤ እሱም ሰላም ይለኛል፣ ባጭሩ።

ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም። ይታይሽ ያልሰጠችኝን ከእናንተ ልወስድ አልችልም። ልጅ ነበርሁ፣ አዲስ ነበርሁ፣ ሥራዬን ፈርቼ ነበር አልልም፤ በቅሎ ቆማ፣ አዋላጅ ቆማ፣ እኔ ዋሸሁ። ብቻ ይታይሽ በሕይወት አለች። ልጇም አለች። ይህን ባወቅሁ ጊዜ ሸክሜ ወረደልኝ። ሊወርድልኝ አይገባም ነበር፤ ግን ወርዷል፤ አልወረደም ብዬም አልዋሽም።